«እንቀንሳለን» የሚለው ቃል ሲመረመር፡ ከምን ላይ? በማን ገንዘብ?

በአገራችን ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ ለመስጊድ ማደሻ ወይም ለትምህርት ቤት ግንባታ ገንዘብ ሲሰበሰብ የተለመደ ሥርዓት አለ፡፡ ሰዎች ተራ በተራ እየተነሱ «እኔ ይህን ያህል ቃል ገብቻለሁ» ይላሉ፡፡ ስማቸውና የገንዘቡ መጠን በድምፅ ማጉያ ይነገራል፣ ይጨበጨባል፡፡ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው ኮሚቴ ብቻ ነው፡፡ ማን ሙሉውን ከፈለ፣ ማን ግማሹን ሰጠ፣ ማን ስልክ ማንሳት አቆመ የሚለው በድምፅ ማጉያ አይነገርም፡፡

የዓለም አገሮች የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት የሚገቡት ቃል ከዚህ ብዙም አይርቅም፡፡ ልዩነቱ በአዳራሹ ውስጥ የሚነገረው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ወደ አየር የሚለቀቅ ጭስና ጋዝ መሆኑ ነው፡፡

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም፡፡ በኖቬምበር 2025 በብራዚሏ ቤሌም ከተማ በተካሄደው 30ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባዔ፣ 32ኛውን ጉባዔ አዲስ አበባ በ2027 እንድታስተናግድ ተወስኗል፡፡ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡) እንግዶቹ ሲመጡ እያንዳንዱ የልዑካን ቡድን ከጀርባው አንድ ሰነድ፣ በሰነዱም ላይ ቁጥር ይኖረዋል፡፡ አስተናጋጇም የራሷ ቁጥር አላት፡፡ ኢትዮጵያ በ2021 ባስገባችው ሰነድ እስከ 2030 ድረስ ልቀቷን በ68.8 በመቶ እንደምትቀንስ አስታውቃለች፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ለዚያው ዓመት የገባው ቃል ቢያንስ 55 በመቶ ነው፡፡ ታዲያ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ አብልጣ ልትቀንስ ነው ማለት ነው? ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፡፡ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት በተለያየ ሜትር ነው፡፡ ሜትሩን ሳያዩ መቶኛውን ብቻ ማንበብ ደግሞ አሳሳች ነው፡፡

ነገሩ ከየት ጀመረ?

ነዳጅና ከሰል ሲቃጠል፣ ደን ሲመነጠር፣ ከብት ሲያመሰኳ፣ ማዳበሪያ ማሳ ላይ ሲበተን የምድርን ሙቀት አምቀው የሚይዙ ጋዞች ወደ ከባቢ አየር ይወጣሉ፡፡ ካርቦንዳይኦክሳይድ፣ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ዋነኞቹ ናቸው፡፡ ሙቀት የማመቅ ኃይላቸው የተለያየ በመሆኑ ለሒሳብ እንዲመች ሁሉም ወደ ካርቦንዳይኦክሳይድ ተመንዝረው በቶን ይቆጠራሉ፡፡ «ልቀት» ሲባል ይህ ድምር ነው፡፡

በ1992 ሪዮ ዲ ጄኔሮ ላይ አገሮች የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነትን ለፊርማ ከፈቱ፡፡ ስምምነቱ በ1994 በሥራ ላይ ሲውል ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት አፀደቀችው፡፡ ሰነዱ እስካሁን የሚያከራክር አንድ መርህ አስቀምጧል፡፡ ኃላፊነቱ የጋራ ነው፣ ነገር ግን እኩል አይደለም፡፡ ከመቶ ዓመት በላይ ከሰልና ነዳጅ እያነደዱ የበለፀጉት አገሮች ቀድመው እንዲቀንሱ፣ ለድሆቹም ገንዘብና ቴክኖሎጂ እንዲሰጡ ይጠይቃል፡፡ የሪዮው ስምምነት ግን ለማንም አገር አስገዳጅ የቅነሳ ቁጥር አልሰጠም፡፡ ይህ ሥራ ለኪዮቶ ተረፈ፡፡

ኪዮቶ፡ ከላይ የወረደ ቁጥር

በዲሴምበር 1997 በጃፓኗ ኪዮቶ የፀደቀው ፕሮቶኮል የበለፀጉት አገሮች ከ2008 እስከ 2012 ባሉት አምስት ዓመታት ልቀታቸውን ከ1990 መጠን በአማካይ አምስት በመቶ ያህል እንዲቀንሱ አስገደደ፡፡ ለእያንዳንዱ አገር ቁጥር ተሰጠው፡፡ የአውሮፓ ኅብረት 8 በመቶ፣ አሜሪካ 7 በመቶ፣ ጃፓንና ካናዳ 6 በመቶ እንዲቀንሱ ተባለ፡፡ ሩሲያና ዩክሬን ከ1990 መጠን ሳያልፉ እንዲቆዩ፣ አውስትራሊያ እስከ 8 በመቶ፣ አይስላንድ ደግሞ እስከ 10 በመቶ እንዲጨምሩ ተፈቀደላቸው፡፡ ኢትዮጵያን ጨምሮ ታዳጊ አገሮች የቅነሳ ግዴታ አልተጣለባቸውም፡፡

ኪዮቶ ቅጣትም ነበረው፡፡ ቃሉን ያጎደለ አገር የጎደለውን ከነ30 በመቶ ጭማሪው በሚቀጥለው ዘመን እንዲከፍል ይደነግጋል፡፡ በወረቀት ላይ ሲታይ ጠንካራ ውል ይመስላል፡፡ ሆኖም ሦስት ቀዳዳዎች ነበሩት፡፡

የመጀመሪያው በሩ ክፍት መሆኑ ነው፡፡ የአሜሪካ ሴኔት ገና ፕሮቶኮሉ ሳይፈረም በጁላይ 1997 ታዳጊ አገሮችን የማያስገድድ ስምምነት እንደማይቀበል 95 ለ0 በሆነ ድምፅ አስታውቆ ነበር፡፡ የክሊንተን መንግሥት ቢፈርምም ለሴኔት ሳያቀርበው ቀረ፡፡ በ2001 የቡሽ መንግሥት ጭራሹን ፊቱን አዞረ፡፡ ካናዳ ደግሞ ፈርማና አፅድቃ ልቀቷ ከ1990 እጅግ በላይ ከሄደ በኋላ፣ የሒሳብ መዝጊያው ሲቃረብ በዲሴምበር 2011 መውጣቷን አሳወቀች፡፡ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ያቀረቡት ምክንያት ግልጽ ነበር፡፡ ግዴታውን ለመወጣት 14 ቢሊዮን ዶላር ያህል ያስወጣናል አሉ፡፡ ቅጣቱ የሚሠራው በአዳራሹ ውስጥ በቀረው ላይ ብቻ መሆኑ ያኔ ታየ፡፡

ሁለተኛው ቀዳዳ መነሻው ዓመት ነው፡፡ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የሩሲያና የዩክሬን ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ልቀታቸውም ከ1990 መጠን በእጅጉ ወረደ፡፡ ስለዚህ አንዳች ሳይደክሙ ከተፈቀደላቸው በታች ሆኑ፡፡ ትርፉንም ለሌሎች መሸጥ ይችሉ ነበር፡፡ በዘርፉ ያሉ ሰዎች ይህን ትርፍ «ትኩስ አየር» ሲሉ ይጠሩታል፡፡ የኢኮኖሚ ውድቀት እንደ ቅነሳ ተቆጠረ ማለት ነው፡፡

ሦስተኛው ቀዳዳ ዓለም መቀየሯ ነው፡፡ በ1997 ግዴታ ያልተጣለባት ቻይና ከአሥር ዓመት በኋላ ከአሜሪካ በልጣ የዓለም ቀዳሚ ለቃቂ ሆነች፡፡ በፕሮቶኮሉ የቀሩት አገሮች ግዴታቸውን ቢወጡም የዓለም ጠቅላላ ልቀት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፡፡ እስከ 2020 ለሚዘልቀው ሁለተኛ ዘመን በዶሃ የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ በሕግ የፀናው በዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ ማለትም ዘመኑ ባለቀበት ዕለት ነበር፡፡

ኪዮቶ ለኢትዮጵያ ያተረፈው ነገር ግን አለ፡፡ ፕሮቶኮሉ የበለፀጉ አገሮች በታዳጊ አገሮች የሚካሄድ የልቀት ቅነሳን ገዝተው ለራሳቸው እንዲያስቆጥሩ ይፈቅድ ነበር፡፡ በወላይታ ሁምቦ ወረዳ ተራቁቶ የነበረ ከ2,700 ሄክታር በላይ ተራራማ መሬት ከከብትና ከምሳር ተከልሎ፣ ከመሬት ሥር የቀሩት ጉቶዎች እንደገና እንዲያቆጠቁጡ ተደረገ፡፡ ዛፎቹ ከአየር የሚስቡት ካርቦን ተለክቶም ከፊሉ በዓለም ባንክ በኩል ተሸጠ፡፡ ፕሮጀክቱ በ2009 በይፋ ሲመዘገብ የደን ካርቦን ሽያጭ በአፍሪካ ገና እንግዳ ነገር ነበር፡፡

ኮፐንሃገን፡ የገንዘቡ ቁጥር የተወለደበት

በዲሴምበር 2009 ኪዮቶን የሚተካ አስገዳጅ ስምምነት ይፈረማል ተብሎ የዓለም መሪዎች ኮፐንሃገን ተሰበሰቡ፡፡ አልተሳካም፡፡ በመጨረሻው ሌሊት በጥቂት አገሮች የተዘጋጀውን ጽሑፍ ጉባዔው «ግንዛቤ ወስጃለሁ» ብሎ አለፈው እንጂ አላፀደቀውም፡፡

በዚያ ጉባዔ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ፡፡ ትኩረታቸው ገንዘቡ ላይ ነበር፡፡ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በጠቅላላው 30 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2020 ደግሞ በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ለታዳጊ አገሮች ይቅረብ የሚለው ሐሳብ በኮፐንሃገኑ ጽሑፍ ውስጥ ገባ፡፡ የአፍሪካን ጥያቄ አሳንሰዋል የሚል ወቀሳ ከአፍሪካ የሲቪል ማኅበራት ገጥሟቸዋል፡፡ በማግስቱ ዓመት ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለውን እንዲያጠና የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ካቋቋሙት ቡድን ሰብሳቢዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ፡፡

100 ቢሊዮኑን እናስታውሰው፣ ኋላ ላይ እንመለስበታለን፡፡

ፓሪስ፡ ከታች የመጣ ቁጥር

በዲሴምበር 2015 የተደረሰበት የፓሪስ ስምምነት የኪዮቶን መንገድ ገለበጠው፡፡ ቁጥሩን ከላይ ማንም አያከፋፍልም፡፡ እያንዳንዱ አገር፣ ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ አቅሙን አይቶ የራሱን አስተዋፅኦ ወስኖ ያስገባል፡፡ የጋራው ግብ የምድር ሙቀት ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረበት ከሁለት ዲግሪ በታች እንዲቆይ፣ ቢቻልም ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ማድረግ ነው፡፡

ታዲያ የትኛው ክፍል ነው በሕግ የሚያስገድደው? እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፡፡ አገሮች ሰነድ የማዘጋጀት፣ በየአምስት ዓመቱ አዲስ የማስገባትና ስለ አፈጻጸማቸው ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፡፡ በሰነዱ ላይ የጻፉትን ቁጥር መምታት ግን በራሱ አስገዳጅ አይደለም፡፡ በፓሪሱ ጉባዔ የመጨረሻ ሰዓታት የበለፀጉ አገሮችን የቅነሳ ግብ በሚመለከተው አንቀጽ ላይ «ግዴታ አለባቸው» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል «ይገባቸዋል» በሚል መቀየሩ ለዚህ ምስክር ነው፡፡ የመጀመሪያው ቃል ቢቀር ኖሮ ስምምነቱ ወደ አሜሪካ ሴኔት መሄድ ነበረበት፡፡ የኪዮቶን ዕጣ የሚያውቁ ተደራዳሪዎች ይህን አልፈለጉም፡፡ አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚቴም እንዳይከስና እንዳይቀጣ በስምምነቱ በግልጽ ተደንግጓል፡፡

ፓሪስ የተማመነው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፡፡ አንደኛ፣ አዲሱ ሰነድ ከቀዳሚው የተሻለ እንዲሆን ይጠበቃል፡፡ ሁለተኛ፣ በየሁለት ዓመቱ ሪፖርት ይቀርባል፡፡ ሦስተኛ፣ በየአምስት ዓመቱ የዓለም አጠቃላይ ሒሳብ ይታያል፤ የመጀመሪያው በ2023 ዱባይ ላይ ተካሂዷል፡፡ ባጭሩ መቀጫው ሐፍረት ነው፡፡ ሐፍረት ደግሞ በሁሉም ላይ እኩል አይሠራም፡፡ አሜሪካ በኖቬምበር 2020 ከስምምነቱ ወጣች፣ በፌብሩዋሪ 2021 ተመለሰች፡፡ በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት ዳግመኛ የመውጫ ትዕዛዝ ፈረሙ፡፡

በዚህ መካከል ሕጉ ትንሽ ጠበቅ ብሏል፡፡ በጁላይ 2025 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት አገሮች እንደፈለጉት ቁጥር መጻፍ እንደማይችሉ ገልጿል፡፡ ሰነዳቸው የአቅማቸውን ከፍተኛ ጥረት ማሳየት አለበት፣ ለመፈጸምም ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ ግዴታቸው ነው፡፡ አስተያየቱ እንደ ፍርድ አያስገድድም፡፡ በየአገሩ ያሉ ጠበቆችና ዳኞች ግን ሊጠቅሱት ይችላሉ፡፡

መቶኛውን እንዴት እናንብበው?

አገሮች የራሳቸውን ቁጥር ሲመርጡ መለኪያቸውንም ራሳቸው ይመርጣሉ፡፡ ስለዚህ አንድ አገር «ይህን ያህል በመቶ እቀንሳለሁ» ሲል አራት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል፡፡

*ከየትኛው ዓመት ተነስቶ?* የአውሮፓ ኅብረት 55 በመቶ የሚቆጠረው ከ1990 ነው፡፡ አሜሪካ በ2021 የገባችው ከ50 እስከ 52 በመቶ ቃል ግን መነሻው 2005 ነበር፡፡ በ2005 የአሜሪካ ልቀት ጣሪያው አካባቢ ስለነበር ከዚያ ላይ ተነስቶ መቁጠር ቁጥሩን ያሳምረዋል፡፡

*የሚቀነሰው ምንድን ነው?* ሁሉም ጠቅላላውን ልቀት እቀንሳለሁ አይልም፡፡ ህንድ በ2022 ባሻሻለችው ሰነድ በ2030 ለእያንዳንዱ የኢኮኖሚ ምርት የሚወጣውን ልቀት ከ2005 አንፃር በ45 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብታለች፡፡ ኢኮኖሚው ከዚያ በበለጠ ካደገ ጠቅላላ ልቀቱ እየጨመረም ቃሉ ሊጠበቅ ይችላል፡፡ ቻይና በሴፕቴምበር 2025 ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅላላ ልቀቷን በ2035 ከ7 እስከ 10 በመቶ እንደምትቀንስ ስታስታውቅ መነሻው «ከጣሪያው» ተባለ፡፡ ጣሪያው ስንት እንደሆነ በቁጥር አልተቀመጠም፡፡ ብዙ ታዳጊ አገሮች ደግሞ የሚቀንሱት ካለው ላይ ሳይሆን ወደፊት ሊመጣ ከሚችለው ግምት ላይ ነው፡፡

*በማን ገንዘብ?* የታዳጊ አገሮች ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፡፡ አንዱ «በራሴ አቅም የማደርገው»፣ ሌላው «የውጭ ድጋፍ ካገኘሁ የማደርገው» ነው፡፡ በዜና የሚነገረው የሁለቱ ድምር ነው፡፡

*ባይፈጸምስ?* መልሱን ከላይ አይተናል፡፡

የኢትዮጵያ ቃል ሲመነዘር

አሁን ወደ 68.8 በመቶው እንመለስ፡፡ የኢትዮጵያ መለኪያ የወደፊት ግምት ነው፡፡ ሰነዱ እንዲህ ይላል፡፡ ምንም ልዩ እርምጃ ካልተወሰደ የሕዝቡ፣ የከብቱና የኢኮኖሚው ዕድገት በ2030 የአገሪቱን ልቀት ወደ 403.5 ሚሊዮን ቶን ያደርሰዋል፡፡ ሁሉም ዕቅድ ከተፈጸመ ግን 125.8 ሚሊዮን ቶን ይሆናል፡፡ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው 68.8 በመቶ የተባለው፡፡

ከዚህ ውስጥ ኢትዮጵያ በራሷ አቅም እወጣዋለሁ ያለችው 14 በመቶውን ነው፡፡ ይህ ብቻ ከተሳካ የ2030 ልቀት 347 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይሆናል፡፡ ቀሪው 54.8 በመቶ በውጭ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው፡፡

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፡፡ የ2021ዱ ሰነድ የ2010ን ልቀት 247 ሚሊዮን ቶን ያህል አድርጎ ያሰላል፡፡ ከዚህ ጋር ስናነፃፅረው፣ አገሪቱ በራሷ አቅም ብቻ ብትሄድ ልቀቷ ከ2010 በ100 ሚሊዮን ቶን ያድጋል፡፡ ድጋፉ ሙሉ በሙሉ ከመጣና ዕቅዱ ከተፈጸመ ደግሞ ከ2010 ወደ ግማሽ ይወርዳል፡፡ ስለዚህ «ኢትዮጵያ ልቀቷን ትቀንሳለች ወይስ ትጨምራለች?» ለሚለው ጥያቄ ሰነዱ ሁለት መልስ ይሰጣል፡፡ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ገንዘቡ ነው፡፡

መነሻውም ራሱ ተንቀሳቅሷል፡፡ በ2011 ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010ን ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን አድርጎ ነበር ያሰላው፡፡ የ2015ቱ ቃል፣ ማለትም 64 በመቶ ቅነሳ፣ የቆመው በዚያ ስሌት ላይ ነው፡፡ ከአሥር ዓመት በኋላ ያው የ2010 ዓመት 247 ሚሊዮን ቶን ሆኖ ተገኘ፡፡ ያለፈ ዓመት ጭስ ተመልሶ አይጨምርም፡፡ የተቀየረው የመቁጠሪያው መንገድ ነው፡፡ የደን ምንጣሮና የከብት ጋዝ በቧንቧ አፍ ላይ ቆጣሪ ተተክሎ አይለካም፤ በሳተላይት ምስል፣ በናሙናና በስሌት ይገመታል፡፡ የተሻለ መረጃ ሲመጣ ቁጥሩ መስተካከሉ ተገቢ ነው፡፡ አንባቢ ግን የ2015ቱን 64 ከ2021ዱ 68.8 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «በ4.8 ተሻሻለ» ማለት አይችልም፡፡

የኢትዮጵያ ልቀት ከዓለም አንድ በመቶ አይሞላም፡፡ ከየት እንደሚመጣ ማወቁ ግን ቃሉ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ያሳያል፡፡ በ2011ዱ ስሌት መሠረት ግማሹ ከግብርና፣ በተለይም ከከብት፣ 37 በመቶው ከደን መመንጠርና ከማገዶ የሚመጣ ነበር፡፡ ኤሌክትሪክ፣ ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪና ሕንፃ እያንዳንዳቸው ሦስት በመቶ ያህል ብቻ ድርሻ ነበራቸው፡፡ በጃንዋሪ 2024 የተላለፈው በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔ የነዳጅ ወጪን ለመቀነስና የከተማ አየርን ለማጽዳት ይረዳ ይሆናል፡፡ በ2025 የተመረቀው የህዳሴ ግድብም መኪኖቹን በንጹሕ ኃይል እንዲሞሉ ያስችላል፡፡ ከ68.8 በመቶው ትልቁ ድርሻ የሚጠበቀው ግን ከደንና ከመሬት አጠቃቀም ነው፡፡

በሌላ አነጋገር የአገሪቱ ቃል የሚጠበቀው በአብዛኛው በገጠር ነው፡፡ በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ የምትጋግር እናት በምርጥ ምጣድ ስትተካው ማገዶ ይቀንሳል፡፡ አርሶ አደሩ አዲስ ማሳ ለማግኘት ጫካ ከሚመነጥር ያለውን መሬት ምርታማ ቢያደርግ ደኑ ይተርፋል፡፡ ብዙ ከብት ከማርባት ጥቂት ግን ብዙ ወተት የሚሰጡ ከብቶችን መያዝ ቢቻል ጋዙ ይቀንሳል፡፡ ይህ ሁሉ ለገበሬው ኪሳራ ሳይሆን ትርፍ እንዲሆን ግን ምጣዱ፣ ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ የእንስሳት ሐኪሙና ብድሩ ሊደርሱት ይገባል፡፡ ካልሆነ ቃሉን የገባው መንግሥት፣ ከፋዩ ግን ገበሬው ይሆናል፡፡

በደኑ በኩልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ ከ2019 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ችግኞች መተከላቸው ይነገራል፡፡ ካርቦን የሚስበው ግን የተተከለው ሳይሆን የፀደቀው ነው፡፡ ስምምነት በፊርማ ይፀድቃል፡፡ ችግኝ የሚፀድቀው በውኃ፣ በአጥርና በጠባቂ ነው፡፡

100 ቢሊዮኑስ የት ደረሰ?

ኢትዮጵያ የ2021ዱን ዕቅድ ለመፈጸም እስከ 2030 ድረስ 316 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልገኛል ብላለች፡፡ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶው ከውጭ ይጠበቃል፡፡ ለአሥር ዓመት ሲካፈል በዓመት 25 ቢሊዮን ዶላር ያህል መሆኑ ነው፡፡

ከዓለም ኪስ ጋር እናስተያየው፡፡ በኮፐንሃገን ለ2020 የተገባው የ100 ቢሊዮን ዶላር ቃል፣ በበለፀጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት በራሱ ስሌት፣ የተሟላው በ2022 ነው፡፡ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው፡፡ መንግሥታት ከሰጡት ገንዘብ አብዛኛው ደግሞ ብድር ነበር፡፡ በ2024 ባኩ ላይ በተካሄደው ጉባዔ ቁጥሩ እስከ 2035 በዓመት ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር ከፍ እንዲል ተወሰነ፡፡ ይህ ለታዳጊ አገሮች ሁሉ የታሰበ ነው፡፡ ኢትዮጵያ ብቻዋን የምትጠብቀው የዚህን አሥራ ሁለተኛ እጅ ይሆናል፡፡ ሌሎቹም የየራሳቸው ሰነድ አላቸው፡፡

የብድሩ ነገር ለኢትዮጵያ ቀላል አይደለም፡፡ አገሪቱ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ በወቅቱ ሳትከፍል ቀርታ የዕዳ ሽግሽግ ድርድር ውስጥ ነበረች፡፡ የዓለምን ሙቀት ላላመጣ አገር ሙቀቱን መቀነሻ በወለድ ማበደር ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ለዚህ ነው፡፡ ጉዳቱ ደግሞ ገንዘቡን አይጠብቅም፡፡ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው በቦረናና በሶማሌ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አልቀዋል፡፡ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ልቀቱ «ቀንሷል»፡፡ ይህን ቅነሳ ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው ግን ሊኖር አይገባም፡፡ የሩሲያና የዩክሬን ፋብሪካዎች ታሪክ በሌላ መልኩ እንዳይደገም ያሰጋል፡፡

አዲስ አበባ ላይ ምን እንጠይቅ?

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2025 ባወጣው ሪፖርት አገሮች ያስገቧቸው ሰነዶች ሁሉ ሙሉ በሙሉ ቢፈጸሙ እንኳ ምድር በዚህ ምዕተ ዓመት ከ2.3 እስከ 2.5 ዲግሪ እንደምትሞቅ ገምቷል፡፡ አሁን በሥራ ላይ ባሉት ፖሊሲዎች ብቻ ከቀጠለ ደግሞ 2.8 ዲግሪ ይደርሳል፡፡ በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው ክፍተት በተባለውና በተደረገው መካከል ያለው ነው፡፡ ከፓሪስ ግብ ጋር ያለው ክፍተት ደግሞ ገና ያልተባለው ነው፡፡

ይህ ማለት ግን ቃል መግባቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፡፡ ከፓሪስ በፊት የነበሩት ግምቶች ከዚህ የከፉ ነበሩ፡፡ መዝገብ ሲኖር ማን ምን እንዳለ ማስታወስ ይቻላል፤ ማስታወስ ሲቻል መጠየቅ ይከተላል፡፡

በ2027 የዓለም መሪዎች አዲስ አበባ ሲሰበሰቡ ብዙ መቶኛ እንሰማለን፡፡ እንግዶቹን «ከየትኛው ዓመት? ከምን ላይ? የገባችሁት ገንዘብስ የት ደረሰ? ስጦታ ነው ብድር?» ብሎ መጠየቅ የአስተናጋጅ አገር ጋዜጠኛና ዜጋ መብት ነው፡፡ ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ግን የራስን መዝገብ ገልጦ ማሳየት ይቀድማል፡፡ በራሳችን አቅም እንሠራዋለን ካልነው 14 በመቶ ምን ያህሉ ተሠራ? ስንት ሄክታር ደን ተረፈ? ስንት ቤት ከሦስት ጉልቻ ወጣ? 14 በመቶው የማንንም እጅ የማያሳይ የራሳችን ቃል ነው፡፡ የእሱን ሒሳብ በይፋ ያቀረበ አገር ሌላውን «አንተስ?» ሲል ድምፁ ይሰማል፡፡